እንደ ዝናብ የሚያጠጡት ሰው

ባለፈው ጥር ለሥራ ቦንጋ ገብቼ ነበር። ያረፍኩበት ክፍል መስኮቱ ወደ ጓሮ ይከፈታል። ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የደረቀ አፈር ውሃ ሲነካው የሚሸተው ሽታ ነው። ዝናብ መስሎኝ ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አንድ ወጣት በአንድ እጁ ስልኩን እያየ በሌላው የውሃ ጎማ ይዞ ሳር ያጠጣል። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተደቅኖ ቆይቶ ስለነበር ውሃው ሞልቶ በሲሚንቶው መንገድ ላይ ይወርዳል።

"ወንድሜ፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው እኮ!" አልኩት።

"ችግር የለውም እህቴ፣ ዛሬ ውሃ አለ" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ሳቄ መጣ። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ውሃ በማፍሰስ የሚስተካከላቸው ያላገኘሁት አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። ደግሞም በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ እንደሳቸው የማከብረው የለም። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ።

አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ እኔና እናቴ ብቻችንን ከቁልቁለቱ ሥር ባለው ሰፈር እንኖር ነበር። እናቴ ፀሐይ ትባላለች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ጋሽ ወልዴ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ናቸው።

ቦንጋን የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ላያምነኝ ይችላል። እኛ አገር ዝናብ የሚናፈቅ ነገር አይደለም። ልብስ ባሰጣን ቁጥር ይመጣል። ሰው ከሰው ሲገናኝ ከጤናው ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ ጭቃው ነው። ውሃ ማጠራቀም የሚባል ልማድ አልነበረንም፤ ለውሃ መሰለፍም የቆላ ሰው ጣጣ ይመስለን ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት ከገና በኋላ ዝናቡ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ማንም አልደነገጠም። ቧንቧው ሲቀጥን "ቅጠል ወትፎት ነው" ተባለ። ጥር ገባ፣ ጥር ተጋመሰ፤ ቅጠሉ ግን አልወጣም።

በኋላ ውሃው በፈረቃ ሆነ። ለእኛ አካባቢ የሚለቀቀው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ወደ ግቢያችን የሚያስገባ ጉልበት ስለሌለው ሰፈሩ ሁሉ ወደ ቦኖው፣ ሰው በጋራ ወደሚቀዳበት ቧንቧ ወረደ። የቦኖው ጠባቂ እትዬ አበበች ከዚያ በፊት ሥራቸው ተቀምጦ ጥጥ መፍተል ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ዱላ ያዙ። ወረፋ መያዝ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በመጋፋት ነው ያሳለፍነው። በእድር አብረው የሚበሉ ሁለት እናቶች አንድ ጀሪካን በሁለት ጆሮው ይዘው ሲጓተቱ በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ ጀሪካኖቹ ራሳቸው እንዲሰለፉ ተደረገ፤ እኛ ዳር ቆመን እናወራለን። የእኔ ሁለት ትናንሽ ቢጫ ጀሪካኖች ጆሯቸው ላይ ከአሮጌ ዩኒፎርሜ የተቀደደ ሰማያዊ ጨርቅ ታስሮባቸው ነበር። አፋቸውን የምወትፈው በእንሰት ቅጠል ነው። እስካሁን የእንሰት ቅጠል ስሸት ትከሻዬን ያመኛል።

የውሃው ነገር ለሌላው ሰው መጠጫና ማብሰያ ነበር። ለእናቴ ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር። አያቴ ሲሞቱ ዋጫ አጠገብ አንድ ቁራሽ የቡና መሬት ትተውላታል። መሬቱ ለዓመታት ሰው ሳይነካው ቆይቶ ዱር ውጦታል። የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ አጎቷ፣ "ፀሐይ የቢሮ ሰው ሆናለች፤ እኔ ልያዘውና ልሥራበት" አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መሬት ጦሙን ሲያድር አንጀታቸው የማይችል ገበሬ ናቸው። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹም አራት መቶ ጉድጓድ እንድትቆፍርና እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሁሉንም በቡና እንድትሞላ፣ ከሞላች መሬቱ የሷ እንዲሆን፣ ካልሞላች ለአጎቷ እንዲሆን ወሰኑ። ጉድጓዶቹ በኅዳር ተቆፈሩ። ችግኞቹ ደግሞ በእኛ ጓሮ፣ በቀርከሃ በተሠራች አጭር ዳስ ሥር፣ አፈር በሞሉ ጥቁር ፕላስቲኮች ውስጥ ይበቅሉ ነበር።

እናቴ በችግኞቹ ላይ የነበራት ሥርዓት የመዝገብ ቤት ሥርዓት ነው። ፊታችንን የምንታጠበው ዳሱ ሥር ጎንበስ ብለን ነበር። ሳሙና ክልክል ነው። ጎመን የታጠበበት ውሃ ወደ ችግኝ፣ ድንች የታጠበበት ወደ ችግኝ። ታቹ በምስማር የተበሳ የቲማቲም ጣሳ ነበራት፤ አንዱ ጣሳ ለአምስት ችግኝ ይበቃል። ጣሳውን አምስቱ ላይ ስታዞር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ዝም እል ነበር። በኋላ ተጠግቼ ሳዳምጥ እየቆጠረች ነው።

ከሰፈራችን በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አዲስ እንግዳ ማረፊያ ተሠርቶ ነበር። ጋሽ ወልዴ በዚያ ዓመት አትክልተኛ ሆነው የተቀጠሩት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት መንገድ ዳር የሚበቅለውን በገጀራ ሲመነጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቦንጋ ውስጥ አትክልተኛ ማለት የሚቆርጥ ሰው ነው። ማብቀል የማንም ሥራ አይደለም፤ ራሱ ይበቅላል። እንኳን ሌላው፣ የአጥር እንጨት እንኳ ከተተከለ በኋላ ቅጠል ያወጣል።

ሳሩ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ዕለት የሰፈር ልጆች በሙሉ ወጥተን አየን። ተጠቅልሎ ነበር። ሰዎች እየተሸከሙ አወረዱትና ዘረጉት፤ ስፌቱ እስኪጠፋ ድረስ በእግራቸው ረገጡት። ከዚያ በኋላ ግን ማንም እንዳይረግጠው ተከለከለ። እኔ ምንጣፍ ነው ብዬ አመንኩ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ክረምት ሲገባ መልሰው ይጠቀልሉታል?" አልኳቸው በአጥሩ ቀዳዳ።

"ማን ያውቃል ልጄ፣ የአዲስ አበባ ሳር ነው" አሉኝ። እሳቸው የቀለዱ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ለክፍል ጓደኞቼ እንደ ቁም ነገር አወራሁት።

ሌላም የተሳሳትኩት ነበር። በሩ ላይ "እንግዳ ማረፊያ" ይላል። ገና ሰው አላረፈበትም። ቀኑን ሙሉ የሚጠጣ የሚቀርብለት፣ ማንም የማይረግጠው፣ ዘበኛ የሚጠብቀው ሳሩ ብቻ ነው። እንግዳው እሱ ነው አልኩ። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ደግሞ ከቤተሰቡ ቀድሞ መስተናገዱ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ውሃ ተሸክሜ በአጥሩ ሥር ሳልፍ ቅር አላለኝም። እንዲያውም ያኮራኝ ነበር፤ በሰፈራችን እንዲህ ያለ አረንጓዴ ነገር ሌላ አልነበረም።

የጋሽ ወልዴ አጠጣጥ ግን ለብቻው ይነገራል። ሥራ አስኪያጁ ጎማውን ሰጥተው "በጋውን ክረምት ያድርጉልኝ" ብለዋቸዋል። ጋሽ ወልዴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ነገር አጠጥተው አያውቁም። የሚያውቁት አጠጪ ዝናብ ብቻ ነው፤ እሱኑ መሰሉ። የካፋ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀምር እሳቸውም ከሰዓት ይጀምራሉ። መጀመሪያ የጎማውን አፍ በአውራ ጣታቸው ይዘው ካፊያ ያደርጉታል። ቀጥሎ ጣታቸውን ያነሱና ዶፍ ይለቁበታል። ከዚያ ትንሽ ዐረፍ ብለው፣ ያባራ መስሎ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ቡትስ ጫማና የዝናብ ልብስ ለብሰው ነው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት። ድንጋዩን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ የአጥሩን ሽቦ፣ የዘበኛውን ቤት ጣራ ሳይቀር ያጠጣሉ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ድንጋዩን ለምን ያጠጡታል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አንቺ ልጅ፣ ዝናብ ድንጋይ ዘሎ ሲዘንብ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። እውነቱን ለመናገር በጣም አደነቅኳቸው። እኔ አምስት ሊትር ለመሸከም ወገቤ ይቆረጣል፤ እሳቸው ዝናብ ይሠራሉ።

የእኛ ቦኖ በዚያ ሰሞን አመል አወጣ። ውሃው ሲለቀቅ ወፍራም ሆኖ ይመጣል። ስምንት ዘጠኝ ጀሪካን እንደሞላ ይቀጥናል፤ ከዚያ እንደ ክር ይሆናል፤ ከዚያ "ፍስስስ" ብሎ ነፋስ ብቻ ይተፋል። እትዬ አበበች ቧንቧውን በዱላ ይመቱታል። ሴቶቹ አሁንም ቅጠሉን ይረግማሉ። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ስሰለፍ ሁሌም መሐል ነኝ፤ ብዙ ጊዜ የማገኘው ግማሽ ጀሪካን ነው። አንዳንድ ቀን ባዶዬን እመለሳለሁ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ያ ነው የባሰው። ጀሪካኑን ከፍ አድርጋ ትመዝነውና "እሺ" ትላለች። አንድ ቀን ጠዋት ዳሱ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። የችግኞቹ ቅጠሎች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፣ ጫፋቸው ቡናማ ሆኗል። የሞቱትን እየለየች አጥሩ ሥር ትደረድራለች። ስትነካቸው እንደ ደረቅ ወረቀት ኮሽ ይላሉ። የሞቱት ሰልፍ በየሳምንቱ ይረዝማል፤ የካቲት ሲጋመስ ከሕያዎቹ ጋር ሊተካከል ደረሰ። እኔ ደግሞ በልቤ ነገሩን ጨርሼዋለሁ፤ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ቀድሜ ብሮጥ፣ ቶሎ ብሰለፍ፣ ጀሪካኑ ይሞላ ነበር። የእናቴ መሬት በእኔ እግር ማዝገም ሊወሰድ ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ስንት ቀን እንደተሸከምኩት አላስታውስም፤ ክብደቱ ግን ከጀሪካኑ ይበልጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን የጋሽ ወልዴ እህት ደካ በሚባል አገር ዐረፉ። ጋሽ ወልዴ ሰኞ ሄደው ለቅሶ ተቀምጠው እሑድ ተመለሱ። ማክሰኞ ከሰዓት ሰፈሩ ቦኖው ጋ ተሰብስቦ ውሃው እስኪለቀቅ ሲጠብቅ ወደ ሥራቸው በዚያ አለፉ። ሴቶቹ ነፍስ ይማር አሏቸው። ቀጥሎ እትዬ አበበች ዱላቸውን ተደግፈው፣

"ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ በሌሉበት ተአምር አመለጠዎት! ባለፈው ሳምንት ውሃው እስከ ማታ ወረደ እኮ። ያልሞላ ጀሪካን የለም። ጸሎታችን ተሰማ" አሏቸው።

"የትኛው ቀን?" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ሦስቱንም!"

ጋሽ ወልዴ ቧንቧውን አዩ። ከቧንቧው ተነስቶ ወደ ላይ፣ ወደ እንግዳ ማረፊያው የሚወጣውን መንገድ በዓይናቸው ተከተሉ። ከዚያ እኔን ከሰልፉ ዳር ጠሩኝና ዝቅ ብለው፣ "ከዚህ ሆነሽ እኔን ማየት ትችያለሽ? አጥሩ ጥግ ብቆም?" አሉኝ።

"እችላለሁ።"

"ውሃው ወፍራም ሲሆን ሹራብሽን ከፍ አድርጊ። ሲቀጥን አውርጂ።"

ጨዋታ መሰለኝ። ውሃው መጣ፤ ቀዩን ሹራቤን ከፍ አደረግኩ። ጋሽ ወልዴ ከላይ ጎማቸውን ከፈቱ። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ቀጠነ፤ ሹራቤን አወረድኩ። ዘጉ። ውሃው ተመልሶ ወፈረ፤ ከፍ አደረግኩ። ከፈቱ፤ ቀጠነ። ዘጉ፤ ወፈረ። ሴቶቹ "ይህቺን ልጅ ፀሐይ መታት" እያሉ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሹራቤን ሳወርድ ጋሽ ወልዴ ጎማውን ዘግተው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ አየሁ። በዝናብ ልብሳቸው እንደተጀቦኑ ከዚያ በኋላ አልተነሱም። በዚያን ቀን ሁለቱም ጀሪካኖቼ ሞሉ።

ስመለስ አጥሩ ጋ ጠበቁኝ።

"ቅጠል አይደለም። እኔ ነኝ" አሉኝ። "ቱቦው አንድ ነው። እኔ ስከፍት እናንተ ጋ ይቆማል።"

መጀመሪያ የተሰማኝን መናገር ያሳፍራል፤ ደስታ ነው። "ችግኞቹን የገደልኳቸው እኔ አይደለሁማ?" አልኳቸው።

ጋሽ ወልዴ እንደዚያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም። እጃቸውን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልከው ራሴን ያዙ። "አንቺ? አንቺ ምን በወጣሽ! እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ። ስሚ፣ ለእናትሽ ራሴ እነግራታለሁ። አሁን ግን ፊት የለኝም። እስክነግራት ዝም በይ።"

ዝም አልኩ። ጎማውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለ።

ሳሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆነ። ጋሽ ወልዴ ያንን ሳር ይወዱት ነበር። እጃቸው ላይ የበቀለ የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። ሲደርቅ በጣታቸው እየነካኩት ሲዞሩ አያለሁ። አንድ ቅዳሜ ውሃ ይዤ ሳልፍ ሥራ አስኪያጁ ግቢው መሐል ቆመው ሲያናግሯቸው ሰማሁ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ሳሩ እኮ ሞተ።"

"ደረቀ እንጂ አልሞተም። ዝናብ ሲመጣ ይነሳል።"

"እንግዶች ከፋሲካ በፊት ይገባሉ። ፕሮግራም ተይዟል። ውሃ የለም እንዳልል አሁን ጎማውን ከፍቼ አየሁት፣ ይመጣል።"

"ይመጣል። ግን የታች ሰፈር ውሃ ነው። እዚህ ሲከፈት እዚያ ልጆች ባዶ ጀሪካን ይዘው ይመለሳሉ።"

"እሱ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው፤ የእርስዎ አይደለም። የእርስዎ ሥራ ማጠጣት ነው። ካላጠጡ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።"

ጋሽ ወልዴ ጎማውን ጠቅልለው መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ቡትሱን አውልቀው ጎኑ ላይ አቆሙ፣ የዝናብ ልብሱን አጥፈው ከላይ ደረቡ። በባዶ እግራቸው በበሩ ወጡ። በእሳቸው ቦታ የተቀጠረው ሰው፣ እግዜር ይስጠው፣ ሰነፍ ነበር። በሩ አጠገብ ያለውን ጥቂት ሳር በባልዲ ረጭቶ ጥላ ሥር ይተኛል። ቦኖአችን በስንፍናው ተረፈ። እትዬ አበበች ግን እስከ መጨረሻው ጸሎቱ ነው ብለው አመኑ።

ጋሽ ወልዴ ሥራ ፈት ሆነው እኛ ጓሮ መዋል ጀመሩ። ከግቢያቸው የእንሰት ቅጠል እየቆረጡ የዳሱን ጣራ አለበሱ። እርጥቡን የእንሰት ግንድ እየላጡ በችግኞቹ መሐል ያነጥፋሉ፤ ሥሩ ሲነካ ቀዝቃዛ ነው። እናቴ ይህን ስታይ ምርቃቷ አያልቅም። "እንደ እርስዎ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል ጋሽ ወልዴ! ዕድሜ ይስጥልኝ" ትላቸዋለች። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። እኔም አብሬ መሬት አያለሁ። በየቀኑ "ዛሬ ይነግሯታል" እላለሁ። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ መጣ፤ አልነገሯትም።

ሐምሌ ገባ። ከአራት መቶው ችግኝ የተረፈው ከሁለት መቶ ጥቂት ቢያልፍ ነው። በተከራየነው መኪና ጭነን ዋጫ ወረድን። ጋሽ ወልዴ "እጅ ይበዛላችኋል" ብለው አብረውን መጡ፤ ከኋላ፣ ችግኞቹ መሐል ተቀምጠው። አንድ ቀን ሙሉ በጭቃ ተከልን። በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ አጎቷም መጡ። አጎቷ በረድፎቹ መሐል እየተራመዱ ባዶዎቹን ጉድጓዶች ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። ስልሳ ላይ ሲደርሱ ተዉት፤ ከዚያ በላይ መቁጠር አላስፈለጋቸውም።

ንግግሩ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነበር። የከተማ ልጅ ብሆንም እሰማለሁ።

"ፀሐይ፣ ምን ትያለሽ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ችግኞቹ በበጋ ደረቁብኝ አባቶቼ። ውሃ ጠፋ።"

አጎቷ ወደ ቁልቁለቱ ጠቆሙ። ከታች ምንጩ ሲወርድ ይሰማል። "በካፋ ምድር ውሃ ጠፋ? ይህን ለማን ይነግሩታል? አልተከልኩም ብትል ይሻላል እኮ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔ ራሴ ባላየው አላምንም ነበር። በዚያች ደቂቃ መሬቱ ከእናቴ እጅ እየወጣ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር ተነሱ።

"ውሃው አልጠፋም" አሉ። "እኔ ወሰድኩት።"

"የት ወሰድከው?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ሳር አጠጣሁበት።"

"የከብት ሳር?"

"አይ። ከብት አይገባበትም።"

"ታጭዶ ለጣራ ነው?"

"አይታጨድም። አጥሮ ይቆያል።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ለማየት" አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሽማግሌዎቹ እግራቸው ሥር ያለውን ሳር ተመለከቱ። ዝናብ የሚያበቅለውን ሳር አንድ ሰው ለማየት ብሎ ሲያጠጣ በሐሳባቸው ሊያስቀምጡት እየሞከሩ ነበር፤ አልተቀመጠላቸውም። "በካፋ ምድር ሳር አጠጣህ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ እንደገና።

"አጠጣሁ። ከሰዓት እስከ ማታ። ድንጋዩንም አጠጣሁ። የሷ ችግኝ በዚያ ምክንያት ነው የደረቀው። ባዶዎቹ ጉድጓዶች የኔ ናቸው፤ በሷ አትቁጠሩባት።"

እናቴን አየሁ። ፊቷ ድንጋይ ሆኗል። አምስት ወር ሙሉ ስትመርቃቸው መኖሯን እያሰበች እንደሆነ አወቅኩ። ጋሽ ወልዴ ጥፋታቸውን ተናግረው ተቀመጡ፤ የቀረውን ግማሽ ሊናገሩት አልፈለጉም። ሽማግሌ ፊት ልጅ አይናገርም፤ እኔ ግን አላስቻለኝም።

"ሲያውቁ አቆሙ!" አልኩ። እናቴ ቀሚሴን ሳበችኝ፤ አልተውኩም። "ማንም ሳያያቸው አቆሙ። ሥራቸውንም የለቀቁት ለዚሁ ነው። ጫማቸውን ሁሉ አውልቀው ሰጡ። ባያቆሙ ኖሮ እነዚህም አይተርፉም ነበር።"

ትልቁ ሽማግሌ እኔን አዩ፣ የተተከሉትን አዩ፣ ጋሽ ወልዴን አዩ። ከሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። ከዚያ ፍርዱን ተናገሩ። ለፀሐይ አንድ ዓመት ይጨመርላት፤ ባዶዎቹ ጉድጓዶች እስከሚመጣው ሐምሌ ይሞሉ፤ እስከዚያ መሬቱ በእጇ ይቆይ። ግን ዋስ ትጥራ። አጎቷ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ተቀበሉ።

"ዋስ እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ወልዴ ሳይጠየቁ። "ችግኙንም እኔ አፈላለሁ።"

"እሱን የምትወስነው እሷ ናት" አሉ ሽማግሌው። "ፀሐይ፣ ይህን ሰው በዋስነት ትቀበዪዋለሽ?"

እናቴ ተነስታ ጋሽ ወልዴ ፊት ቆመች። እሳቸው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዝናቡ ሽበታቸው ላይ እየወረደ፣ ቀና ብለው አላዩአትም።

"መቼ አወቁ?" አለቻቸው በአማርኛ።

"የካቲት ላይ።"

"እስከ ዛሬ?"

"አፈርኩ ፀሐይ።"

ደግማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

"እቀበላቸዋለሁ" አለች። "ማጠጣቱን ግን እኔ ነኝ የማስተምራቸው።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አጎቷ ሳይቀሩ ሳቁ። ጋሽ ወልዴ አልሳቁም። "እሺ" አሉ፣ መምህሩ ፊት እንደ ቆመ ተማሪ፣ እና ያልሞላውን ጉድጓድ ለመቁጠር ወደ ረድፎቹ ገቡ።